መጠገንና መሸፋፈን፦ ስለ አሮጌ የቅንጦት መኪና የቀረበ የግብረ ገብ ሐተታ

ሰው በእጁ ያለውን ዕቃ የሚይዝበት መንገድ ጠባዩን ከሚገልጡት ነገሮች አንዱ ነው። አባቶቻችን «ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» ያሉት ልብስንና ችሎትን ብቻ አስበው አይደለም፤ በአያያዝ ውስጥ የተሰወረ ፍርድ እንዳለ ስለ ተገነዘቡ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ በመጀመሪያ እይታ ከሕሊና ጉዳይ የራቀ ይመስል ይሆናል። በአንድ ወቅት የክብርና የሀብት ምልክት የነበረውን፣ ዛሬ ግን ያረጀውን የቅንጦት መኪና እያደሱ መንዳት ብልኅነት ነው ወይስ ከንቱ ውዳሴ? ጥገናውስ እውነተኛ ጥገና የሚሆነው መቼ ነው? መሸፋፈን የሚሆነውስ መቼ ነው?

ጥያቄው የጥቂት ባለጠጎች ብቻ እንዳልሆነ ለመረዳት በአገራችን የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ አውቶሞቢል ወደ አገር ሲገባ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለበት። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ፣ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫ ሁሉ ዋጋው ናረ። ስለዚህ በከተማችን ያለው አሮጌ መኪና ቶሎ የሚሰናበት አይደለም። ከእርሱ ጋር መኖር ለብዙ ቤተሰብ ምርጫ መሆኑ ቀርቶ ግዴታ ሆኗል።

ከቤተ መንግሥት እስከ መርካቶ

የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለመኪና የሚሆን መንገድ ባልነበረበት ዘመን በረሃውንና ተራራውን አቋርጦ አመጣው። መኪና በአገራችን ከመጓጓዣነቱ አስቀድሞ የማዕርግ ምልክት ሆኖ ታየ ማለት ይቻላል፤ ቀድሞ የተሸለመች በቅሎ ይዛው የነበረውን ስፍራ ወረሰ። ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴም ሮልስ ሮይስን የመሳሰሉ የተከበሩ መኪናዎች ነበሯቸው። ሆኖም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ሲወርዱ፣ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የወጡት በአንዲት ትንሽ ቮልስዋገን ተሳፍረው ነው። ይህን የምናነሣው በማንም ውድቀት ለመሳለቅ አይደለም። መኪና ክብርን ሊያሳይ እንጂ ሊሰጥ፣ የተሰጠውንም ሊጠብቅ እንደማይችል ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ ስለማይገኝ ነው።

በከተማችን ቅንጦት ሲባል ለብዙ ዘመን በሰው አእምሮ የሚመጣው መርሴዲስ ነበር። ፋብሪካው «ደብልዩ 123» ብሎ የሰየመው ዓይነት ከ1976 እስከ 1986 እ.ኤ.አ. የተሠራ ሲሆን፣ ቁጥሩ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ደርሷል። ይህ መኪና በአንድ አገር የባለሥልጣንና የባለሀብት መጓጓዣ ሲሆን፣ በሌላው፣ ለምሳሌ በሞሮኮ፣ ለረጅም ዓመታት ሕዝብ የሚያመላልስ ታክሲ ሆኖ አገልግሏል። ከዚህ የምንማረው ቅንጦት በብረቱ ውስጥ ያለ ጠባይ አለመሆኑን ነው። ያው ብረት በአንዱ እጅ መታያ፣ በሌላው እጅ እንጀራ ይሆናል። በእኛም ከተማ አንድ መርሴዲስ ከሹም ወደ ነጋዴ፣ ከነጋዴ ወደ ጡረተኛ፣ ከጡረተኛ ወደ ወጣት ሾፌር እየተላለፈ ይወርዳል። በእያንዳንዱ መተላለፍ ዋጋው ሲቀንስ የሚጠይቀው እንክብካቤ ይጨምራል።

ይህ መኪና ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው መርካቶ ነው። የጣልያን ወራሪ ኃይል በቆየባቸው ዓመታት (1936–1941 እ.ኤ.አ.) የከተማው ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ከተዛወረ ወዲህ፣ መርካቶ ሁሉም ነገር በተራ በተራው የሚገኝበት ስፍራ ሆኗል። የመኪና መለዋወጫ የፈለገ ሶማሌ ተራ ይሄዳል፤ ጎማ የፈለገ ጎማ ተራ፤ ከጥቅም ውጪ የሆነው ብረትና ቆርቆሮ ደግሞ በምን አለሽ ተራ ተቀጥቅጦ ምድጃና ባልዲ ይሆናል። የራጉኤል ደወልና የአንዋር መስጊድ አዛን በሚሰማበት በዚያ ሰፈር፣ የሁለቱም እምነት ተከታዮች ጎን ለጎን ይሸጣሉ፣ ይገዛሉ። ከሁለቱም የሚጠበቀው የእጅ ንጽሕና አንድ ነው።

ክብር ወይስ አገልግሎት?

አሮጌ የቅንጦት መኪና መያዝ በራሱ ነውር ነው አንልም። ያለንን ዕቃ ሳያልቅ አለመጣል ምስጉን ነገር ነው። ነፍሰ ኄር ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት «ውዳሴ ለከ» በተሰኘው ዓዋዲ መልእክታቸው፣ ተጠቅሞ ወዲያው የመጣልን ልማድ በብርቱ ነቅፈዋል። እርሳቸው ራሳቸው በመስከረም 2013 እ.ኤ.አ. ከአንድ ጣልያናዊ ካህን በስጦታ የተቀበሉት መኪና በ1984 የተሠራ፣ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሄደ ሬኖ 4 ነበር። ያ መኪና በድኾች ሰፈር ያገለግል የነበረ እንጂ የሚያንጸባርቅ አልነበረም።

ነገር ግን እንክብካቤ የሚመስል ከንቱነትም አለ። የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ሳይከፈል የፓራውልቱ ኒኬል እንዲያብረቀርቅ ብዙ ብር የሚያወጣ ሰው መኪናውን ይንከባከባል ወይስ ስሙን? በሞተሩ አፍንጫ ላይ ያለችውን ኮከብ ከውጭ ለማስመጣት ዓመት የሚጠብቅ፣ የፍሬን ሸራ ለመቀየር ግን «ለጊዜው ይሠራል» የሚል ሰው ምን እየጠገነ ነው? መለያውን እንዲህ ማስቀመጥ የሚቻል ይመስለናል፦ ለሌላው ዓይን የሚደረገው ሁሉ ከማስጌጥ አያልፍም፤ ማንም ሳያየው ለሌላው ሕይወት የሚደረገው ነው ጥገና።

የማይታየው ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ በሁለት ምሳሌ እናስረዳ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ስለሆነች፣ ውኃ በባሕር ዳርቻ እንደሚሆነው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በሞተር ውስጥ የሚዘዋወረው ውኃ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ይዞ የሚያቆየው ግፊት ነው። ይህ ትንሽ ክዳን ሲደክም ውኃው ይፈላል፣ ቴስታታው ይጣመማል፣ በጥቂት ብር የሚለወጠው ነገር የሞተሩን ሕይወት ይወስዳል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ምሳሌ የፍሬን ዘይት ነው። ይህ ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። በእንጦጦ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲደጋገምና ሲግል በውስጡ ያለው ውኃ ይፈላል፤ ያን ጊዜ ሾፌሩ የሚረግጠው ፔዳል ባዶ ይሆናል። መኪናው ከውጭ ሲታይ ግን ትናንት የተወለወለው ያው መርሴዲስ ነው። በአማርኛችን «ውስጡን ለቄስ» የሚባለው ይህ ነው።

ስለዚህ ባለ መኪናው ራሱን የሚመረምርበት ሦስት ጥያቄ እናቀርባለን። መኪናው ቤተሰቡን ያገለግላል ወይስ ቤተሰቡ መኪናውን ያገለግላል? ወጪውን የሚከፍለው እርሱ ብቻ ነው ወይስ ጥቁር ጭሱን የሚተነፍሱት ጎረቤቶቹም ጭምር ናቸው? ዛሬ ማታ በዝናብ ቢነዳ በእግረኛ ፊት ሊቆም ይችላል? ለሦስቱም በጎ መልስ ያለው ሰው አሮጌ መኪናውን በሰላም ይንዳ።

መለዋወጫው ከየት መጣ?

ለአሮጌ መኪና አዲስ መለዋወጫ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ሲገኝም ውድ ነው። ስለዚህ ከሌላ መኪና የተፈታ ዕቃ መግዛት የተለመደ ሆኗል። ይህ በራሱ መልካም ነገር ነው፤ ዘመኑን የጨረሰ አንድ መኪና ለብዙ መኪናዎች ዕድሜ ይሰጣልና። ነገር ግን በከተማችን ሌላ ነገርም በሰፊው ይነገራል። ሌሊት መስተዋቱ ወይም ፍሬቻው የተነቀለበት ሰው ጠዋት ገበያ ሄዶ የገዛ ዕቃውን መልሶ ገዛ ይባላል። ወሬው እንደ ቀልድ ይወራል፤ ሰሚውም ይስቃል። ቀልዱ ግን ሁለት ሰዎችን ይጎዳል፦ የተሰረቀውንና በቅን ልቡና የሚነግደውን። በአንዳንዶች ጥፋት የአንድ ተራ ነጋዴዎች ሁሉ ስም ሊጎድፍ አይገባም። በሕጋዊ መንገድ አስመጥተው፣ ደረሰኝ ቆርጠው የሚሸጡ ብዙዎች ናቸውና።

እዚህ ላይ ሕሊናን የሚያስጨንቅ ጥያቄ ይነሣል። የራሱን ዕቃ መልሶ የሚገዛ ሰው ከሌባ ጋር ተባበረ ይባላልን? እኛ እንደሚመስለን፣ የራሱን ንብረት ለማስመለስ ተገድዶ የከፈለ ሰው ሁለት ጊዜ የተበደለ እንጂ በዳይ አይደለም፤ ቢችል ግን ለሕግ ማመልከት ይገባዋል። የጎረቤቱን መስተዋት በግማሽ ዋጋ የሚገዛው ግን ነገሩ ሌላ ነው። «ማን እንደ ሰረቀው አላወቅሁም» ማለት አያድነውም። አለማወቅ ሁለት ዓይነት ነውና፤ አንዱ ጠይቆ ያላገኘ ሰው አለማወቅ ነው፣ ሁለተኛው መልሱን ፈርቶ ያልጠየቀ ሰው አለማወቅ ነው። የመጀመሪያው ንጹሕ ነው። ሁለተኛው ግን ዓይኑን የጨፈነው እንዳያይ መሆኑን ያውቃል። ዋጋው ያለ ምክንያት ሲረክስ፣ ሻጩም ስለ ምንጩ ሲጠየቅ ሲቆጣ፣ ያ ርካሽ ዕቃ በሌላው እንቅልፍ የተከፈለበት መሆኑን መጠርጠር ይገባል።

ከዚህ ጋር የሚነሣ ሌላም የፍትሕ ጉዳይ አለ። ከውጭ ለሚመጣ ዕቃ የተጠየቅነውን ሳንከራከር እንከፍላለን፤ ያንን ዕቃ ለሚገጥመው መካኒክና ከመኪናው ሥር በግራሶ ተለውሶ ለሚውለው ለማጅ ልጅ ግን የቀኑን ዋጋ እንቆርጣለን። ብረቱን አክብረን እጁን እንንቃለን ማለት ነው። አርባ ዓመት የሞላውን ሞተር በድምፁ ብቻ የሚመረምር ባለሙያ ይህን ዕውቀት ያገኘው በብዙ ዓመት ድካም ነው። ለእርሱ ተገቢውን ደመወዝ መክፈል የጥገናው አንድ ክፍል ነው። እርሱም በበኩሉ ያልለወጠውን «ለወጥሁ» እንዳይል፣ የለወጠውን አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ቢያሳይ ሁለቱም በሰላም ይለያያሉ።

የተሰወረ ጉድለት

ከሁሉ የሚከብደው ፈተና የሚመጣው መኪናው ሲሸጥ ነው። እንበል አንድ አባት ለባለቤቱ ሕክምና ገንዘብ ቸግሮት መርሴዲሱን ለገበያ አቀረበ። የዛገው ላሜራ በስቱኮ ተሞልቶ ቀለም ተቀብቷል፤ ፍሬኑም እንደማያስተማምን እርሱ ያውቃል። ገዢው ዕቁብ የደረሰው፣ መኪናውን ለታክሲ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ደላላው «ካልጠየቀህ አትናገር» ይላል። አባትዬው ቢናገር ዋጋው ይወርዳል፣ ሕክምናውም ይጓደላል። ዝም ቢልስ?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ13ኛው ምእተ ዓመት ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ በታላቁ የነገረ መለኮት ድርሳኑ፣ በሁለተኛው ክፍል ሁለተኛ መጽሐፍ፣ በ77ኛው ጥያቄ ይህንኑ መርምሮታል። በእርሱ ዘመን ጉዳዩ የፈረስና የቤት ነበር። የትምህርቱ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፦ ጉድለቱ ለሁሉ የሚታይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ፈረሱ አንድ ዓይን ቢሆን፣ ሻጩም በዚያው መጠን ዋጋውን ከቀነሰ፣ በአደባባይ የማወጅ ግዴታ የለበትም። ጉድለቱ የተሰወረና ለገዢው ኪሳራን ወይም አደጋን የሚያስከትል ከሆነ ግን ዝም ማለት ማታለል ነው፤ ሻጩም ካሣ ይጠየቅበታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጩ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ለገዢው ዋስ እንዲሆን ያዝዛል።

አንድ ሰው ተነሥቶ «ሳልናገር ዋጋውን ብቀንስለትስ?» ይል ይሆናል። የተሰነጠቀ ወንበር ወይም የማይሠራ ሬዲዮ ከሆነ ይህ በቂ ሊሆን ይችላል፤ ገዢው ራሱ ያየዋልና። የፍሬን ጉድለት ግን በቅናሽ አይካካስም። ምክንያቱም ቅናሹን የሚያገኘው ገዢው ሲሆን፣ አደጋውን የሚካፈሉት ተሳፋሪውና በመንገድ ዳር የሚሄደው ሕፃን ናቸው። ከእነርሱ ጋር ማንም አልተዋዋለም፤ ማንም ዋጋ አልቀነሰላቸውም። ለዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ደኅና ጎማ ተውሶ ቦሎ ከተለጠፈለት በኋላ ያለቀውን ጎማ መልሶ የሚገጥም ሰውም ያው ነው፤ መርማሪውን ያታለለ ይመስለዋል እንጂ ያታለለው የማያውቀውን መንገደኛ ነው።

እንግዲህ ያ አባት ምን ያድርግ? ችግሩ እውነተኛ ነው፤ አናቃልለውም። ችግር መኪናውን እንዲሸጥ ያስገድደዋል፣ ዝም እንዲል ግን ሥልጣን አይሰጠውም። ፍሬኑን አሠርቶ ይሽጥ፤ ካልቻለ ጉድለቱን ተናግሮ፣ ማሠሪያውን ከዋጋው ቀንሶ ይሽጥ፤ በጎደለው ገንዘብ ደግሞ ዕድርተኛው፣ ዘመድና ቁምስናው ይድረሱለት። እኛ ካልደረስንለት፣ በኋላ በእርሱ ዝምታ ላይ ለመፍረድ አፋችን አይሞላም። የአንዱ እውነት መናገር የሌላውን መደገፍ ይጠይቃልና።

ሁሉ ሲለወጥ የሚቀረው

የግሪክ ፈላስፎች ስለ ቴሴዎስ መርከብ ይከራከሩ ነበር። የበሰበሰው ሳንቃ በየጊዜው በአዲስ ሲተካ፣ በመጨረሻ ሁሉ ከተለወጠ በኋላ መርከቡ ያው ነውን? ይህ ጥያቄ በመርካቶ የየዕለት ነገር ነው። ሞተሩ ከአንዱ፣ ካምቢዮው ከሌላው፣ በሩ ከሦስተኛው የመጣለትን መኪና ያዩ ሰዎች «ያልተለወጠው ሊብሬው ብቻ ነው» እያሉ ይቀልዳሉ። ሕግ መኪናውን በሻንሲው ቁጥር ያውቀዋል። እኛ ግን አንድ ነገር እንጨምራለን። መኪናውን ያው የሚያደርገው፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የተነገረለት እውነት ነው። ምን ተለወጠለት? ምን ቀረው? የት ተመታ? ይህ ሁሉ በታማኝነት የተነገረለት መኪና አሮጌ ቢሆንም የታወቀ ነው። ታሪኩ በቀለም የተሸፈነው ግን ቢያብረቀርቅም ማንነቱ አይታወቅም።

ጥገናም ወሰን አለው። ሻንሲው በዝገት የተበላ፣ ምንም ቢሠራ ለሰው ሕይወት የማያስተማምን መኪና የሚቆምበት ጊዜ መድረሱን ማወቅ ከጥበብ ይቆጠራል። ያን ጊዜ ደኅናው ዕቃው ለሌላው ይሁን፤ ብረቱም ወደ ቀጥቃጮቹ ይሂድ። ሰውን በተመለከተ ግን ይህ ሒሳብ አይሠራም። ዕቃ የሚለካው በአገልግሎቱ ነው፤ ሰው ግን ማገልገል ባቆመ ጊዜም ክብሩ አይቀንስም። ስለዚህ አርባ ዓመት ለሞላው ሞተር ቅዳሜውን ሙሉ የሚታገሥ ሰው፣ ሰማንያ ዓመት ለሞላቸው እናቱ አንድ ሰዓት የሚታገሥ ልብ ካጣ፣ ትዕግሥቱ የብረት ፍቅር እንጂ በጎነት አለመሆኑ ይገለጣል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ከወጣቶችና ከባለሙያዎች ጋር ሲወያዩ ከዚህ ጉዳይ ቢነሡ ይጠቅማል ብለን እናምናለን። ስለ ታማኝነት በጥቅሉ ሲነገር ሁሉም ይስማማል፤ ስለ ተደበቀ ስቱኮ፣ ስለ ተዋሱት ጎማና ምንጩ ስላልታወቀ መስተዋት ሲነገር ግን ሰው የራሱን እጅ መመልከት ይጀምራል። መሸፋፈን ለሻጩ የአንድ ቀን ትርፍ ያስገኛል፤ ዕዳውን ግን በመንገድ ላይ ለሌላ ሰው ይተዋል። መጠገን ያደክማል፣ ገንዘብም ይጠይቃል። ሆኖም ቁልፉን ለገዢው ያስረከበ ሰው፣ ያ መኪና በማግስቱ ከእንጦጦ ሲወርድ ቢያይ ሳይሳቀቅ ቆሞ ሊመለከተው የሚችለው በእውነት የጠገነው እንደ ሆነ ብቻ ነው።